አልፏል

ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት አውቶቡስ አይነሣም፤
የኒውሊን ዓሣ ተራ አለቃ ያረፈደን አይረሣም።
በረዶ ላይ ሣጥን የምደረድር ሰው፣
ሞተር ሳይክል እንጂ ምን ሊያደርሰኝ ነው?

ማስታወቂያው አጭር፦ ሰማያዊ፣ ጃፓን ሠራሽ፣
ሁለት መቶ ሃምሳ ሲሲ፣ አምስት ማርሽ።
«ብዙ አልሄደም» ይላል፤ ዋጋው ስምንት መቶ።
እኔ ይህችን ቃል አላምናትም ከቶ።
አባቴ ጋራዥ ውስጥ ጥፍሩ ዘይት ጠጥቶ
ያረጀ ሰው ነበር፤ ምክሩም ይቺው ናት፦
«ሻጩን ተይው ያውራ፣ መዝገቡን አስቀድሚ፤
ቁጥር ከቁጥር ጋር አጋጪና ስሚ።»

ታርጋውን ጻፍሁና ስልኬ ላይ ከፈትሁት፤
የአሥራ ስድስት ዓመት ገመና ገለጥሁት።

አንደኛው ምርመራ፦ አልፏል። ስድስት ሺህ ማይል።
ሁለተኛው፦ አልፏል። የኋላው ጎማ ሊያልቅ ነው ይላል።
ሦስተኛው፦ ወድቋል፤ የፍሬኑ ሸራ እስከ ብረቱ ተበልቷል።
በማግሥቱ ተመልሶ፦ አልፏል።
አሞርዛተሩ እያላበው፣ ካቴና እየለወጠ፣
እስከ አሥረኛው ዓመት እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ሮጠ፤
ሠላሳ ስምንት ሺህ ሦስት መቶ አርባ።

ከዚያ ቁጥሩ ቆመ።
ቆመም አይባልም፤
በዓመት አሥራ አራት ማይል፤ ከዚያ አያልፍም።
ሦስት መቶ ሃምሳ አራት፣
ቀጥሎ ስድሳ ስምንት፣
ቀጥሎ ሰማንያ ሁለት፤
ስድስት ዓመት ሙሉ አሥራ አራት፣ አሥራ አራት።

ቆጣሪ የሚያስዋሽ እንዲህ አያሰልፍም፤
ሌባ ቁጥር ይሰርቃል እንጂ አያንጠባጥብም።
ደግሞስ ያልተነዳ ከተነዳው ይብሳል፤
ቤንዚኑ ሙጫ ይሆናል፣ ጎሚኒው ይሰነጠቃል፤
ብዬ፣ ሁለት መቶ ፓውንድ ላስቀንስ ቆርጬ፣
ካምቦርን ደረስሁ የእጅ ባትሪ ጨብጬ።

በሩን የከፈተችው ላቭዴይ ትሬቫስኪስ ናት፤
ሰባ የሞላት ሴት፣ እጇ ላይ ሳሙና አለባት።
ጋራዡ ውስጥ ሞተሩ አንሶላ ለብሶ ቆሟል፤
አንሶላው ታጥቧል። አንሶላው ተተኩሷል።
ተንበርክኬ ጎማውን በጥፍሬ ሞከርሁት፤
ስንጥቅ የለም። ካቴናውን ዳሰስሁት፤
ቅባቱ ትኩስ ነው። ካርቡራተሩ ባዶ፤
ክረምት ሳይገባ ቤንዚኑ ተቀድቷል።

«ማነው የሚነዳው?» አልኋት።
«ማንም» አለች።
እጇን ጠራረገች፣ ኮርቻውን ነካ አደረገች።
«የባሌ የፓስኮ ነው። ፒያኖ ቃኚ ነበር፤
በዚህ ነው የሚዞረው ከሰፈር ሰፈር።
ከዚህ ምርመራው ቤት ሰባት ማይል መንገድ፤
ሰባት ስመለስ። በስድሳ አራት ዓመቴ መንጃ ፈቃድ
ያወጣሁት ለዚህች ነው፤ በዓመት ለአንድ ቀን።
መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ወረቀቱን ሲሰጠኝ፣
‹አልፏል› ይለኛል።
‹አውቃለሁ› እለዋለሁ።
ዘንድሮ ግን ጉልበቴ ምርመራውን ወደቀ።»

አለቀሰች አልልም፤ አላለቀሰችም።
እኔም ዋጋ መከራከር አልተውሁም፤
የኋላው ኩሽኔታ ሲሽከረከር ያፏጫል፣
መዝገቡም በየዓመቱ ይህንኑ ጽፏል።
«ሠላሳ ፓውንድ ቀንሺ» አለች ሳቅ እያለች፤
«ፓስኮ ግን ይል ነበር፦ ቅኝቷን አልሳተች።»

አሁን ሌሊት ነው፤ ጭጋግ የዋጠው ሜዳ።
ከባሕሩ በላይ፣ በአራተኛ ማርሽ ስነዳ፣
ከኋላዬ ታፏጫለች፤ አንድ ድምፅ፣ የማይዛነፍ።
አዲሱ ኩሽኔታ ከካርቶኑ ሳይወጣ
ቅዳሜን ይጠብቃል፤
የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አልነገርሁትም።

ከሴንት ጀስት ኒውሊን፣ ደርሶ መልስ፣ ለካሁት፤
አሥራ አራት ማይል።
የእሷን ዓመት በአንድ ቀን ጨረስሁት።
መስከረም ላይ ቁጥሩ አራት ሺህ ይዘላል፤
ታርጋዬን ጽፎ የሚያይ ሰው
ምን ነካው ይላል?