መጀመሪያ ቀለበት

ቪልኒየስ፣ ጥር ወር፤ ኔሪስ በረዶ ለብሶ፣
ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ ካፖርቴ ርሶ።
ዚግማንታስ ከበሩ ላይ ስሜን ሳይጠይቀኝ
ጣቶቼን ቆጠረ፤ ከዚያ አስጠነቀቀኝ፦
«መጀመሪያ ቀለበት፤ ከዚያ ሰዓት፤ ሐብል፤
የሚያብለጨልጭ ነገር ደጅ ይደር፣ ደጅ ይዋል።»
የራሱንም አወለቀ። አፏ በተሸረፈ
የሻይ ስኒ ጣለው፤ ቅጭል አለና አለፈ።

ሳጥኑ የጫማ ካርቶን ያክላል፤ ግራጫ፣ ዝም ያለ፣
ሆዱ ውስጥ ግን መብረቅ ቁጭ ብሎ የዋለ።
ነገር በዐይን ይገባል፤ ይሄኛው ከነገርም ይብሳል፤
ቀለም የለው፣ ኮቴ የለው፤ ሳይታይ ገብቶ ያርሳል።

በዚግማንታስ ግራ ዐይን የምስር ፍሬ
የምታክል ጨለማ አለች፤ ከወጣትነቱ እስከ ዛሬ።
አንዲት ብሎን ሊያጠብቅ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«ለአፍታ ነው» ብሎ።
አፍታዋ ስምንት ናኖ ሰከንድ ነበረች፤
ከሚያነበው ቃል ሁሉ መሃሉን ፊደል ይዛበት ቀረች።

ስለዚህ ተራው አይዛነፍም።
ውሃው ይቀድማል፤ ቱቦው ሲንሾካሾክ ጆሮ ሰጠን፤
ጨረሩ ሄዶ የሚሞትበትን ጥቁር ብረት ከመንገዱ ጫፍ አስቀመጥን፤
በሩ ተቆለፈ፤ ከደጅ ቀይ መብራት በራ፤
አረንጓዴ መነጽር አጠለቅን በጋራ።
ቁልፉ ከእሱ አንገት፣ ኮምፒውተሩ እኔ ጋ፤
ማንም ብቻውን እንዳይቀሰቅሰው ያንን አውሬ ከአልጋ።

ጻፍኩ፦ በሰከንድ አንድ ምት፤ ጉልበቱ ከሁሉ በታች፣ ከሥር።
«እንዳታጎነብሺ፤ በጠረጴዛው ከፍታ ነው የሚበር።
እርሳስ ቢወድቅብሽ ይቅር፤ ወድቆ ይደር።»
አዘዝኩት።
ጣ።
ጥቁሩ ወረቀት ላይ ነጭ ነጥብ፤ የተለበለበ ጠጉር ሸተተኝ።
ጣ።
የእሱ ምት የቱ፣ የልቤ ምት የቱ፣ ተምታታብኝ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ሐሙስ ማታ፣
ስክሪኑ «ቆሟል» አለ፣ ያለ አንዳች ሁካታ።
መስታወቷን ላቃና እጄ ተነሥቶ ነበር።
ጣ።
ወረቀቱ ላይ ሌላ ነጥብ፤ ያላዘዝኩት፣ ያልተቆጠረ።
የቆመው ኮምፒውተሩ ነው፤
ሌዘሩ የመጨረሻ ቃሌን እያከበረ ነበር።

ዚግማንታስ እንጉዳይ የመሰለውን ቀይ ቁልፍ በመዳፉ መታ።
አልጮኸብኝም። ወንበር ሳበልኝ።
«ስክሪን ወሬኛ ነው፤» አለኝ፣
«ወሬኛ ሁሉ አይዋሽም፤ ግን ይሳሳታል።
ገናም አትንኪው። የጠፋ ሁሉ አልሞተም፤
ከሆዱ ያለው ኮንደንሰር ቂም ቋጥሯል።
አምስት ደቂቃ ስጪው፤ ቂሙ ይሟሽሻል።»

በዚያ አምስት ደቂቃ ውስጥ፣ ለዝምታው ብዬ፣
ስለ ቀለበቱ ጠየቅሁት፣ ወደ ስኒዋ አይቼ፤
«ሚስትህ አትቆጣም? ጧት ጧት ስታወልቀው?»
ውሃው ዞረ፣ ዞረ። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው።
«ብሮኔ ከሞተች ስድስት ዓመት አለፈ።
ጧት እፈታታለሁ፤
ማታ ስወጣ ደግሞ አገባታለሁ።»
ከዚያ ሰዓቱን አየ። «አራት ደቂቃ ነው» አለ። «ቁጭ በይ።»

አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ ቁልፉ በእኔ አንገት ወርዷል፤
ታውቪዳስ የሚባል ልጅ መጥቷል፣ እጁን ከኪሱ ከቷል።
«ሰዓቴ ፕላስቲክ ነው» ይለኛል።
«ፊቱስ?» እለዋለሁ።
ይፈታዋል፣ እያጉረመረመ።

እኔ ቀለበት የለኝም።
ግን ስኒዋ ባዶዋን እንዳትውል፣
የጸጉሬን ማስያዣ አወልቄ እጥልባታለሁ፤
ቅጭል።