ምሕረት በሦስት ሰዓት

ኮምቦልቻ፣ ደረቅ ወደብ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤
የከባድ መኪና ሰልፍ አሸልቧል በበሩ ፊት።
እብሬ ይመር ጋቢናው ውስጥ፣ ጋቢውን ተጀቡኖ፣
ሦስተኛ ሌሊቱን ያድራል አንዲት ወረቀት አምኖ።
«ተለቋል» ይላል ወረቀቱ፣ አርፎበታል የደሴ ማኅተም፤
የኔ ስክሪን «ታግዷል» ይላል፤ በሩም አይከፈትም።

ሦስት ናቸው መዝጋቢዎቹ፣ ሦስት ማሽን፣ ሦስት እኅት፤
አንዷ እዚሁ ከእግሬ ሥር፣ የምታንኮራፋው ሌሊት፤
አንዷ ሐይቅ፣ ከዳቦ ቤት ፎቅ ላይ፤ አንዷ ደሴ፣ ፒያሳ፣
ጉሙን እያወረደ ሲያለብሳት ጦሳ።
አለቃ የላቸውም። አንዷ ብትተኛ ሁለቱ ይመሰክራሉ፤
ሁለት አፍ ከገጠመ «እውነቱ ይኸው ነው» ይላሉ።
እኔው ነኝ ስብሰባ ላይ፣ ደረቴን ነፍቼ፣
«ሐረጎ ቢናድ እንኳ ቃል አይጠፋም» ያልኩት ምዬ ተገዝቼ።

ጠየቅኋቸው አንድ በአንድ።
የኮምቦልቻዋ፦ «ታግዷል።»
የሐይቋ፦ «ታግዷል።»
የደሴዋ፣ መልቀቂያውን በእጇ የተቀበለችው፦
«ታግዷል።»
ቢጣሉ ኖሮ አስታርቃለሁ፤ ለጠብማ መላ አለው።
እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው፣ አንድ ቃል መሆናቸው።
የስህተት መዝገቡን ገለጥኩ፤ ንጹሕ ነው፣ ቀይ መስመር የለበትም፤
መልቀቂያው ደርሷል፣ «ተቀብያለሁ» ተብሏል፣ የመለሰው የለም።
ከዚያ፣ እንደ በጋ ጅረት፣ አሸዋ ውስጥ ሰርጎ ጠፋ።

መጀመሪያ ራሴን ጠረጠርኩ። ሰሌዳውን የነደፍኩት እኔ ነኝ፣
አምና፣ በጥድፊያ፣ አለቃዬ ጆሮዬ ሥር እየተነፈሰብኝ።
ቁልፉን «ከተማ» አልኩትና የኮምቦልቻን ዕቃ በሙሉ
በአንድ ኬሻ ጠቀጠቅሁት፤ ያዩት ሁሉ ዝም አሉ።
አንዲት ፍሬ ለፈለገ ኬሻው ሙሉ ይዘረገፋል፤
አንድ ኮንቴነር የጠየቀ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል።
ጥያቄውን ሳያውቅ ጎተራ የሚሠራ ሰው
እህሉን ሳይሆን ድካሙን ነው የሚያከማቸው።
ግን ይህ ኃጢአቴ ያዘገያል እንጂ አይዋሽም።
አለፍኩት። ለሌላ ቀን።

ከዚያ ቃሉን ትቼ የቃሉን ሰዓት አየሁ።
እገዳ፦ ትናንት፣ ጠዋት፣ አራት ሰዓት፣ ከኮምቦልቻ፤
ያልተለቀቀውን ሁሉ ዝርዝሩ በየቀኑ የሚያድስባት ሰዓት።
መልቀቂያ፦ ትናንት፣ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት፣ ከደሴ።
ጠዋት?
ዘሀራ የጻፈችው ከቀትር በኋላ ነው፣ በዘጠኝ፤
የእጅ ጽሑፏ ወረቀቱ ላይ አለ፣ «ዘጠኝ» ብሎ አፍጥጦብኝ።
የመጨረሻው ቃል ይረታል፤ ሕጋቸው ይኸው ነው።
ምሕረቱ ከክሱ በፊት ደረሰ፤
ይቅር የሚለው ጥፋት አጥቶ ተመለሰ።

የደሴውን ተረኛ፣ አራጋውን፣ ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩት።
«ማክሰኞ መብራት ሄዶ፣ ማሽኗ ስትነሣ ሰዓቷ ዞሮባት፣
እኔው አስተካከልኩላት፤
አብሽሪ፣ በእጄ ሰዓት ነው፤ ደቂቃ አላዛነፍኩባት!»
በእጁ ሰዓት።
ንጋቱን አሥራ ሁለት በሚለው፣ በኛ፣ በአገሩ ሰዓት።
«ዘጠኝ» ሲላት የሰማችው የፈረንጁን ዘጠኝ ነው፣ ማለዳውን፤
ይኸው ሦስት ቀን ሙሉ የደሴ ቃል
ስድስት ሰዓት አርጅቶ ይወለዳል።
አራጋው አልተሳሳተም። ማሽኗም አልዋሸችም።
ጋቢና ያደረው እብሬ ነው።

ሰዓቷን ከእኅቶቿ አስማማሁ። ያለፈ ቃል ግን አይታረምም፤
ምሕረት እንደ አዲስ ይጻፋል እንጂ ሰዓቱ አይለወጥም።
ጻፍኩት። ሦስቱም «ተለቋል» አሉ።
ከመነሣቴ በፊት አንዲት ጠባብ ሰሌዳ ጨመርኩ፤
ቁልፏ ሾፌር፣ ቅደም ተከተሏ የጠበቀው ሌሊት።
ጉምሩክ ዕዳ ይጠይቃል፣ ጥበቃው የበር ቁጥር፤
ይህን ግን ማንም ጠይቆን አያውቅም ነበር።

የጋቢናውን መስኮት አንኳኳሁ።
እብሬ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ፤
«ስንት ሰዓት ሆነ፣ ልጄ?»
ልመልስለት አፌን ከፈትኩና
«በማን?» ብዬ ቆምኩ።