ጉማጅ ቃል

በላንክሻየር፣ ከቦዩ ዳር፣ ዝናብ በማይጠግብ መንደር፣
የጄቤዝ ኢንትዊስል መታጠቢያ ውኃው አልወርድ ብሎ ነበር።
የልጅ ልጁ መጣች፣ ማርኒ፣ የቧንቧ ሠራተኛዋ፣
የብረት ሣጥኗን አንጠልጥላ፣ ጭቃ የጠገበ ቦቲዋ።
«ተደፍኗል» አለች፣ አጎንብሳ። «ክሎግ» ነው ቃሉ በነሱ አፍ።
ሽማግሌው ሳቀ፤ ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ ከደጃፍ።

«ተይ፣ ያን ቃል ለኔ ተዪው፤ ሃምሳ ዓመት እንጀራዬ ነው።
ሀ ሲል ጉማጅ ነበረ። የእንጨት ጉማጅ። በቃ።
ከየት መጣ ብትዪ፣ ከነአባቱ ማንም አያውቅ፣
መዝገበ ቃላቱም ሲጠየቅ ትከሻውን ነው የሚሰብቅ።
አጥር ለሚዘል በሬ፣ ለኮብላይ ፈረስ፣ ለውሻ
እግሩ ላይ አንጠለጠሉለት፤ ሆነ የሩጫ ማርከሻ።»

(እኛስ ብንሆን መሰናክል ያልነው እግር ከመሰንከል አይደል?
እግር ነው ቀድሞ ቃል የሚማር፤ አፍ ኋላ ነው የሚከተል።)

«ቧንቧሽ ውስጥ የገባው ዘግይቶ ነው። እኔ የማውቀው ጫማውን ነው፤
ያንኑ የእግር ሸክም ድኻ ጠርቦ የተጫማውን፣
ከሥሩ እንደ ፈረስ ኮቴ ብረት እየመታሁ የሸጥኩትን።
ሲነጋጋ ሺህ ሴት ወደ ሽመና ፋብሪካ ስትነጉድ
የመንገዱ ድንጋይ ይንጣጣ ነበር፤ ብልጭታው ዓይን የሚወስድ።
ከሺው መሐል ዚላን በድምፅ እለያት ነበር፣ አያትሽን፤
ግራ እግሯ ግማሽ ምት ይዘገያል።
ጥፋቱ የኔ ነው፤ የግራውን ወፍራም አድርጌ ጠረብኩት፤
ላስተካክልልሽ ስላት እምቢ አለች። እኔም ያን ምት ወደድኩት።»

ማርኒ ከገንዳው ሥር ተንጋላለች፣ ባትሪውን ይዛ በጥርሷ፤
የታጠፈውን ቧንቧ ፈታች፤ ጥቁር ውኃ ወረደ በራሷ።
በሽቦ ሳበች። ወጣ። የሳሙና ቅሪት፣ ደለል፣
መሐሉ ረጅም ነጭ ፀጉር፣ የተጠቀለለ እንደ ፈትል።

ጄቤዝ መላጣ ነው።
ዚላ ከሞተች ሁለት ዓመቷ።

ልጅቱ ወደ ባልዲው ልትጥል እጇን ዘርግታ፣ ቆመች።
«ከመቼ ጀምሮ ነው የማይወርደው?» አለች።
እሱ መስኮቱን አየ። «ቀስ እያለ ይወርድ ነበር፤
ቀስ እያለ። ውኃ ደግሞ ምን ያስቸኩለዋል?»

ከመደርደሪያው የግራ እግር ጫማ አወረደ፣ አቧራውን እፍ አለ፤
እርጥቡን በጋዜጣ ጠቅልሎ ከቶ፣ መልሶ ሰቀለ።
ገንዳው ጮኸ፣ ጠጣ፣ ነጣ።
«ስንት ነው ሒሳቡ?» አላት።
«ሻይ ጣድ» አለችው ማርኒ።