የመሠረቱ ጉድጓድ

ለሙህዲን ማግቢያ አንዲት ክፍል ብዬ፣
ጓሮዬን አስቆፈርኩ ዕቁብ ጥዬ ጥዬ።
ሲሚንቶው ጨመረ፣
ብረቱ ጨመረ፣
ሙህዲንም ሎጊያ፣ ከባድ መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ቀረ።
ጉድጓዱ ግን አለ፣ ወገብ ድረስ ጠልቆ፣
ድንጋይና አሸዋ ጠብቆ ጠብቆ።

ሐምሌ ገባ ኮምቦልቻ።
ከደሴ ቁልቁል ወርዶ ቦርከናን ሞልቶ፣
ለኔም ጉድጓድ ተረፈ፣ አጥር ሾልኮ ገብቶ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሽመና ክፍል ውስጥ ማሽን የጮኸብኝ፣
ግማሹ ጆሮዬ ፋብሪካው ግቢ የቀረብኝ፣
ይህን ግን ሰማሁ።
ባትሪ ይዤ ወጣሁ።

ጉርጥ ነው። አንድ አይደል፤ ሰባት ስምንት ጉርጥ፣
ቆዳው ኪንታሮታም፣ ዐይኑ እሚያፈጥጥ፣
ጉሮሮው ፊኛ ነው፣ ተነፍቶ ሊፈርጥ።
ወንዱ ትንሽ ነው፤ ከሴቷ ጀርባ ላይ እንደ ልጅ ታዝሎ፣
ብብቷን ጨምቆ፣ «አልወርድም» ብሎ።

ጧት ሳየው፣ ሣር ለሣር የተጠማጠመ
ረጅም ሙስበሃ፣ ጥቁር ጥቁር ፍሬ።
መቶ አይደለም፣ ሺህ ነው፤ ቆጥሬ ቆጥሬ
ተውኩት።
የእንቁራሪቷ ደግሞ ጥግ ላይ ተንሳፎ፣
ውሃ እንደጠጣ ተልባ፣ እርስ በርስ ተቃቅፎ።

ጎረቤቴ ጦይባ ከአጥሩ ማዶ ሆና፦
«ጋሽ ይማም፣ ሌሊቱን ዐይናችን አልከደነም።
ይደፈን ጉድጓዱ፣ ወባ ሊያመጣ ነው፤
ደግሞ ጉርጥ የነካ ኪንታሮት ዕጣው ነው።»
ግማሹ እውነቷን ነው።
ኪንታሮቱን አይደል፣ ወባውን ማለቴ ነው።

የሷው ልጅ ሐያት ግን፣ ሰባተኛ ክፍል፣
ደብተሯን ታቅፋ መጣች በማግስቱ፦
«የቧንቧው ውሃ'ኮ ክሎሪን አለበት፣
ሁለት ቀን በባልዲ ፀሐይ ይምታበት።
ዓሣ አይጨምሩ፣ ዕንቁላሉን ይበላል፤
የልብስ እጣቢም ከደፉ ይገድላል።
ዳርና ዳሩንም ተዳፋት ያርጉት፣
እግር ሲያወጡ ነው መውጫ የሚያጡት።»

ታዘዝኩ።
ለሙህዲን ግድግዳ የገዛሁት ድንጋይ
ለጉርጥ ደረጃ ሆነ፣ ከውሃው አፍ ላይ።
ባለቤቴ ዘምዘም በመስኮት ታያለች፤
«ለልጅህ ያልቆመው ለጉርጥ ቆመ» አለች፤
ሣቋን ግን ዐየሁት። በሻሿ ሸፈነች።

ዓርብ የጤና ኤክስቴንሽኗ መድኃኒት ይዛ፣
(ማን እንደጠራት ዐውቃለሁ፣ አልከፋኝም)
በነጭ ጭልፋ ቀዳች።
አየች።
የቢምቢ እጭ ሦስት፣
የጉርጥ ስፍር የለው፣ ጭራውን የሚነቀንቅ።
ጠርሙሷን አየች፣ ጭልፋዋን አየች፣
ሐያትን አየች።
«በየቀኑ ቢምቢውን ለቅማችሁ ካወጣችሁ፣
እስከ ነሐሴ መጨረሻ ልተውላችሁ።»

ከዚያ ወዲህ ይኸው፣ የስልሳ አራት ዓመት ሰው
በሻይ ማጥለያ ውሃ የማጠልለው!

ነሐሴ አኮረፈ። ዘጠኝ ቀን ጠብ አላለ።
ቧንቧውም በፈረቃ፣ ፈረቃውም የለም።
ውሃው ከወገብ ጉልበት፣ ከጉልበት ቁርጭምጭሚት፣
ጭራዎቹ ተጨናንቀው አንድ ጭብጥ ጥላ ሆኑ።

በዘጠነኛው ማታ በሩ ተንኳኳ።
ጦይባ ናት። ጀሪካን በግራ፣ ጀሪካን በቀኝ፣
«የጣራ ውሃ ነው፣ ከሐምሌ ያቆየሁት፤ ክሎሪን የለበት» አለችኝ።
ቀስ አድርጋ ደፋች፣ በድንጋዩ ላይ፣ እንዳይረበሹ።
«ጩኸታቸውን ግን፣ ወላሂ፣ አልወደውም» አለች እየወጣች።

በጳጉሜ ካፊያ ውስጥ፣ አንድ ማታ ወጡ።
ምስር ምስር የሚያህሉ፣ አራት እግር ያላቸው፣
በደረጃው፣ በሣሩ፣ በበሩ ሥር ሾልከው፣
ወደ ኮብልስቶኑ።
ሐያት ባትሪ ይዛ ባጃጅ አስቆመች፤
ሹፌሩ ተሳደበ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ አየ፣
ሞተሩን አጠፋ።

ያን ማታ ሙህዲን ከሎጊያ ደወለ፤
«አባዬ፣ መሠረቱስ የት ደረሰ?» አለ።
ባዶውን ጉድጓድ፣ ክፍቱን በር እያየሁ፣
«እግር አወጣ» አልኩት።