ነጭ መደብ

እሁድ ካባ ለባሽ፣ ሙሽራ አነሳለሁ፤
ሰኞ ሰኞ ደግሞ፣ ካባ እወርዳለሁ።
ያኛው በወርቅ ክር፣ ጫፉ የተጠለፈ፣
ይኼኛው በድማሚት፣ ጎኑ የረገፈ።

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልት ከሚያልቅበት፣
ባጃጅ ነጂው ለጎማው፣ ከሚጨነቅበት፣
አንድ ነጭ ገደል አለ፣ እንደ አንሶላ የተሰጣ፣
ፀሐይ ስትመታው፣ ከዓይን እንባ የሚያወጣ።
ሥሩ ኩሬ ቋጥሯል፣ ኤክስካቫተር የማሰው፣
ሐምሌ የሞላለት፣ ኅዳር ያልጨረሰው።
ይኸው ነው ባሕሬ፤ ሌላ አይቼ አላውቅ፤
ዳሩ ላይ በደረቴ፣ ተኝቼ የምጠብቅ።

ሥራዬ ጉርድ ፎቶ፣ ሱቄም ቃሊቲ ነው፤
"ቀና በል፣ አትሳቅ፣ ጆሮህን ግለጠው፣
ከኋላህ ነጭ መደብ፣ ለፓስፖርት ግድ ነው።"
ይኼን ስል ነው እኔ፣ ዘመኔ ያለቀብኝ፤
ፈገግታ ስከለክል፣ ጠጉሬ የሸበተብኝ።

ሽኮኮ ግን ያውቃል።
ከስንጥቁ ወጥቶ፣ ፀሐይ ላይ ይቆማል፤
ደንቡን ማን እንዳስጠናው፣ ኮስተር ይልልኛል፤
ጆሮው ይታያል፤ ዓይኑ ቀጥ ብሏል፤
ከኋላው ነጭ መደብ፤
ማኅተም ብቻ ቀርቶታል።

ይብራ ጥንዶች አሉ፣ ውሃው ላይ ተደፍተው፣
ራሳቸውን ነክረው፣ ጅራት ለሰማይ ሰጥተው፤
እነዚህን እንኳን፣ የትም ቢሮ አይቀበላቸው።
ጋጋኖዎች ደግሞ፣ ሳይደርሱ ይጮኻሉ፣
እንደ ሰርግ ዘመድ፣ ቦታ ይሻማሉ።
ጭላት ግን ደንብ አታውቅም። ገደሉን ታካ አልፋ፣
ፎከስ እስክይዝላት፣ ከሌንሴ ትጠፋ።
አርባ ጊዜ ተኩሼ፣ ማለዳዬን ሙሉ፣
ጅራት ብቻ ቀረኝ፣ ብዥ ያለ ምስሉ።

ዘበኛው በዳሳ፣ በመጀመሪያው ሰሞን፣
"መታወቂያ ሊያወጣ ነው? ወፍ ነዋሪ ይሆን?"
ብሎ ስቆብኝ ነበር።
ዛሬ ግን አልሳቀም። ዱላውን አጋድሞ፣
"ታነሳልኛለህ?" አለኝ፣ ከገደሉ ፊት ቆሞ።
"እሺ" አልሁት፣ "ጎሽ፣ ባርኔጣህን አውልቅ፣
መደብህ ነጭ ነው፤ ቀና በልና አትሳቅ።"

"እኔን አይደለም" አለ። "ያንን ነው" ብሎ፣
ዱላውን አነሳና፣ ወደ ባዶው ሰቅሎ፣
ከገደሉ ወዲህ፣ ከኩሬው በላይ፣
ምንም የሌለበት፣ አንድ ጥግ ሰማይ።

"እዚያ ነበር ቤቴ።
ኮረብታው ሙሉ ሳለ፣ ያ አየር አፈር ሳለ፣
ጓሮዬ በዚያ በኩል፣ ጎመን የበቀለ፤
እዚህ ጋ መደቡ፣ አባቴ የሞተበት፤
እዚያ ጋ ምሰሶው፣
ልጄ በየመስቀሉ፣ ቁመቷን የለካችበት።
ካሣውን በላነው። ድንጋዩም ተጠርቦ፣
ከተማ ገባ፣ አሉ፣ በሰው ፎቅ ላይ ተደርቦ።
እኔ በደመወዝ ጉድጓዱን እጠብቃለሁ።"

ካሜራ ባዶ አይወድም።
ትር ትር ሲል ቆየ፣ ሌንሱ እየዋለለ፤
ጠርዝ ይፈልጋል እሱ፣ ጥላ፣ አንዳች የቆመ ካለ።
እኔም ልዋሽ ነበር፣ ልል ነበር "አነሳሁት"
(ስንቱን ደብዛዛ ሙሽራ፣ "አምሮብሃል" ያልሁት)።
ያን ጊዜ ጭላቷ፣
ከየት እንደመጣች እንጃ፣ ክንፏን አጠፍ አድርጋ፣
ዱላው ካመለከተው፣ ከዚያው ጥግ ተጠግታ፣
ገባች።
ሌንሱ ያዛት። ቀጭ።
ከኋላዋ ገደል፣ ከላይ እስከ ታች ነጭ።

በዳሳ ካሜራውን፣ በሁለት እጁ ተቀብሎ፣
ብዙ አያት። እንደ ሕፃን ይዞ፣ ፀሐዩን በኮቱ ከልሎ።
ማዶ ፊሽካ ተነፋ፤ ድማሚት ሊለኩሱ ነው፤
"እንሂድ" አልሁት፣ አልሰማኝም።
"በመስኮት ነው የገባችው?" አልሁት፣ ለጨዋታ ያህል።
"በበሩ ነው እንጂ" አለኝ፤ "አላየህም እንዴ?
ጎንበስ አለች እኮ። ጉበናችን ዝቅ ያለ ነበር።"