ከብርቱው ክንድ ላይ

ማሞቂያ ልጠግን ነበር የሄድኩት፣
ቪሮኳ ዳርቻ፣ ካንድ ጋራዥ ቤት።
ጥር ነው፤ ዊስኮንሲን በረዶ ተጭኗት
ከአጥሯ ጫፉ ብቻ ነበር የቀረላት።

አርቪድ ከፈተልኝ በቀኝ እጁ ብቻ፤
ግራው ተንጠልጥሏል እንደ ባዶ ስልቻ።
«መስከረም ላይ መታኝ» አለኝ ሳልጠይቀው፣
«ግማሼን ወሰደው፣ ግማሼን ተወው።»

ማሞቂያው ምንም አልነበረም፤ አንዲት ሽቦ ላልታ ነው።
ዓይኔን የያዘው ከጥጉ የተጋደመው ሣጥን፣
በሰው ቁመት ልክ፣ ውስጡ አምፖል የበራ።
«ምን ገንዘህ ነው?» አልኩት።
ሳቀና ክዳኑን አነሳ፦
በብስክሌት ካላማዳሪያ የተጠፈነገ፣
ቅርጽ ላይ የተኛ፣ ሙጫው ያላበው እንጨት።

ጀርባው ሂኮሪ ነው፣ ሜፕል ነው መሐሉ፣
ሆዱ ኦሴጅ፣ ቢጫ፤ ካንሳስ ነው አሉ
አጥር ሆኖ የኖረው፣ ከብት ሲተሻሸው።
ሦስት የማይተዋወቁ፣ ሙጫ ያጋባቸው።
ሲስቡት ጀርባው ነው ከፊት የሚወጠር፤
ሆዱ ግን በዝምታ የሚጨመቅ ነገር።
«ሆዱ ካልቻለ» አለኝ «ጀርባ ብቻ ምን ሊሆን?»
ስለ እንጨት መስሎኝ ራሴን ነቀነቅሁ።

«ለማሞቂያው ስንት?»
«ሰማንያ ዶላር።»
«ለሁለቱ እጆችህስ?»
ቅዳሜ ተመልሼ መጣሁ።

እንጨት ይገራል፤ እንደ ወይፈን ይገራል።
ግድግዳው ላይ ታስሮ፣ ገመድ በመዘውር
እኔ ከታች ስስብ፣ እሱ ከወንበሩ
ባንድ ዓይኑ ያነባል የጉብጠቱን መስመር።
«ቀስ» ማለት አስተማርኩት፤ ቃሊቷን ወደዳት።
ስስብ «ቀስ»፣ ስፍቅ «ቀስ»፣ በረዶው ላይ ስሄድ «ቀስ»።
አንዲት «ት» ብትጠጋት
ያቺው በእጃችን ያለችው እንደምትሆን
አልነገርኩትም።

ግራው ክንድ ሰነፈ።
ቀኙ ገትር ብሎ፣ ግራው ቶሎ እጥፍ አለ፤
ቁራጭ እንጨት አንስቼ «እንለጥፍበት?» ስል
እንደ ተሳደብኩ ሁሉ ፊቱን አጠቆረ።
«የተፋቀ ተፋቀ። ደካማውን አታበረታም።
ከብርቱው ላይ ፋቅ።»

ፋቅሁ። በሞረድ ሃያ፣ በስለት ዐሥር፤
ሠላሳ ጊዜ ስቦ ደግሞ ማየት፣ ደግሞ ማማረር።
ሃምሳ አምስት ፓውንድ ነበር፤ ሃምሳ ሆነ፤ አርባ ስድስት።
የጎደለው ኃይል እግሬ ሥር ብናኝ ነው፣
ልጁ ካሪን ጠርጋ ምድጃ የምትጨምረው።
«አባዬ ሰባ ነበር የሚስበው፤
ይሄ የማን ልጅ መጫወቻ ነው?» አለች።

አንድ ማታ አበዛሁት።
ከመያዣው ስንዝር ዝቅ ብሎ
ቀኙ ክንድ እንደ ጉልበት ታጠፈ።
እሱ እዚያው ነበር። ዓይኑም እዚያው ነበር።
«በቃ» ማለት ይችል ነበር፤ አላለም።
እስካሁን ይከነክነኛል፦ ዘነጋ?
ወይስ የሚፈልገው ድረስ እጄን ለቀቀው?
ሌላውን ሁሉ ከዚያች ጥፋት ጋር ለማስታረቅ
ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ሠላሳ ስምንት ላይ ቆመ።

የካቲት መጨረሻ፣ ከጋራዡ ኋላ
የገለባ እስር አቆምን።
ግራ እጁን ከመያዣው ጋር
በዚያው ካላማዳሪያ ጠፈነግሁለት፤
ጣቶቹ አልጨበጡም፤ ክንዱ ግን ተዘረጋ
እየተንቀጠቀጠ፣ እንደ አዲስ ጥጃ።
ካሪን በመስኮት ነው ያየችው፤ አልወጣችም።
አውታሩ ጉንጩ ጋ አልደረሰም፤
ደረቱ ፊት ለፊት ለቀቀው።

ፍላጻዋ ከገለባው በላይ አለፈች፤
በረዶው ዋጣት፣ ቀዳዳዋ እንኳ አልታየ።
ልሮጥ ስነሳ
«ቀስ» አለኝ፣ ትንፋሹ እየጨሰ፤
«ሌላ ስጠኝ።»

ያቺን የመጀመሪያዋን ሚያዝያ ላይ ካሪን አገኘቻት፣
ጭቃ ውስጥ፣ ላባዋ ረጥቦ፣
ወደ ጎረቤት ማሳ አዘንብላ።