ለባንቺአየሁ፣ ከሰኞ በፊት

ባንቺአየሁ፣ ሰኞ ነው አሉኝ ቀጠሮሽ፤
እኔ ሄጄበታለሁ፣ ቁጭ በይ ልንገርሽ።
ሐኪም አይደለሁም፤ ቡሬ ገበያ ዳር በቆሎ መዛኝ ነኝ፣
ያየሁትን እንጂ ያልመዘንኩትን ተናገር አትበይኝ።

ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሽ። አዲስ ጫማ አታድርጊላት፤
ያን ተረከዙ ያለቀውን፣ የለመደችውን ይሻላት።
ትርንጎ የማትለያትን ማንኪያ ደግሞ በኪስሽ ያዢላት።
ቲሊሊ ላይ ጉም ይዘጋል። እንጅባራ ላይ ረዳቱ
«ልጅቱን ዝም አሰኚ» ይላል፤
አትቆጪ፣ ለእሱም ገና ነው ሌሊቱ።

ባሕር ዳር፣ ከሆስፒታሉ ጓሮ፣ ሰማያዊ በር አለ።
መርፌ የለም። ደም የለም።
ያ የፈራነው፣ ራስ የሚያስገቡበት መኪና፣ እሱም የለ።
መጀመሪያ ጆሮዋን ያያሉ፣ ትሰማ እንደሆን ለመለየት፤
ከዚያ ምርመራው ያንቺ ነው፣ በቃልና በወረቀት፦
ስታረግዣት ምን ነበር? መቼ ተቀመጠች? መቼ ዳኸች?
«እማ» ብላ ነበር? ብላስ ተወች?
የምትፈልገውን በጣቷ ጠቁማ ታሳያለች?

እኔ እዚህ ላይ ተያዝኩ።
የእኔ ልጅ አይጠቁምም። እጄን አንስቶ
እንደ ቁልፍ በሩ ላይ ያደርገዋል፤
ሲከፈት ይጥለዋል።
ቁልፍን ማን ያመሰግናል?
ይህን ብዬ ሳቅኩ። ባለሙያዋ አልሳቀችም፤ ጻፈች።

አትዋሺ። እኔ አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ፤
«ከልጆች ጋር ይጫወታል» ብያለሁ።
ደብሬ ክንዴን ነካ አድርጋ «አይጫወትም» አለች፣ ቀስ ብላ።
ስንቱን ነጋዴ ጆንያው ውስጥ ድንጋይ ሲጨምር የያዝኩ ሰው፣
ያን ቀን ድንጋዩን የጨመርኩት እኔው።

ሌላኛዋ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የሳሙና አረፋ ነፋችለት።
መኪና ሰጠችው፤ ገልብጦ ጎማውን አሽከረከረ።
«ይበልጣል» አለች። አልዞረም።
«ይበልጣል።» አልዞረም።
ሦስተኛውን እኔ ልጠራው አፌን ስከፍት በእጇ ከለከለችኝ።
ባንቺአየሁ፣ የሚከብደው እዚያ ጋ ነው፤ ዝም ማለቱ።
ቤት የሚያደርገውን አንዱንም አላደረገ፤
ኮርኒሱ ላይ የሚዞረው ማራገቢያ ሲቆም ግን
ቀና ብሎ አጨበጨበ።
ወደቀ፣ አለፈ የሚባል የለም፤ ላብ አያጥምቅሽ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ
«ምን ይወዳል?» አለችኝ።
አምስት ዓመት ሙሉ የጎደለውን ነበር የሚጠይቁኝ፤
ዘመዱ፣ ጎረቤቱ፣ ጠበል ላይ ያገኘነው ሁሉ፣
ምን ጎደለው፣ ማን ነካው፣ ከየት መጣበት እያሉ።
ምን ይወዳል ያለኝ አልነበረም።
ጉሮሮዬ ተዘጋ። ቆይቼ ስለ መርፌዋ ነገርኳት፣
ስለ ሚዛኔ መርፌ፦
ጆንያ ሲጫን ስትንቀጠቀጥ ትንፋሹን ይዞ ያያታል፣
ቀጥ ስትል ብቻ ይተነፍሳል።
የመጀመሪያ ቃሉም «ኪሎ» ነበር።
ይህንንም ጻፈች።

ውጤቱ ያን ቀን አይነገርም። በሦስተኛው ሳምንት ወረቀት ሰጡን፤
ቃሉን ታውቂዋለሽ፣ ኦቲዝም።
እርግማን አይደለም፣ የአስተዳደግ ጥፋትም አይደለም አሉን።
ደብሬ እዚያው አለቀሰች። እኔ ዳንግላ ስንደርስ።
ጠበልሽን ተይ አልልሽም፤ ወረቀቱንም አትተይ፣
ከጀርባው የሚሠራ ነገር አለ፤ በሥዕል ማናገሩን፣
የቀኑን ተራ አለማዛባቱን፣ እሱን አንብቢና እይ።

መኪና ውስጥ ደግሜ ገለጥኩት።
ቅኔ የተማረው አጎቴ ነው፣ እኔ አይደለሁም፤
ግን ከላይ ስሙ፣ ከሥሩ ያ ቃል፦
ይበልጣል።
አንዴ ስም አድርጌ አነበብኩት፣ አንዴ ግስ።

እንዳልዋሽሽ፣ አሁንም ስጠራው አይዞርም።
ትናንት ግን እጄን አንስቶ ሚዛኑ ላይ አደረገው፤
በሩ ላይ አይደለም። ሚዛኑ ላይ።
መርፌዋ ተንቀጠቀጠች፣
ትንፋሻችንን ይዘን አብረን ጠበቅናት።

ማንኪያዋን እንዳትረሺ።